ስለ ፈጣን አውቶቡስና ስለ መንገዱ ድርሻ
(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ የተሸሸገ አይደለም። እያንዳንዳችሁ በየማለዳው ከቤታችሁ ወጥታችሁ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ እስክትደርሱ ድረስ በእግራችሁም በሰዓታችሁም የምታውቁት ነው። ይኸውም የከተማ ሕዝብ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚመላለስበት የአውቶቡስ ጉዳይ ነው። ከዚህም ውስጥ በተለይ «ፈጣን አውቶቡስ» ስለሚባለው፣ በእንግሊዝኛው አሕጽሮት ቢ.አር.ቲ. እየተባለ ስለሚጠራው አሠራር ጥቂት ለማለት አስቤአለሁ። ስለ ውጭ አገር ከተሞች ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ግን በራሳችን ዘመን እቈጥራለሁ።

ይህን ስም የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታየው አውቶቡሱ ነው። ረዥም፣ በመካከሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ፣ ቀለሙ ያማረ አዲስ አውቶቡስ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአደባባይ ሲሰለፍ በዓይነ ኅሊናው ይመለከታል። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ላይ የሚወጣውም ይኸው ነው። ዳሩ ግን ከሥራው ሁሉ የቀለለው ክፍል አውቶቡሱ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛው ይችላል። አስቸጋሪው መንገዱ ነው። ፈጣን አውቶቡስ ማለት ከጎዳናው አንዱ ክፍል ተለይቶ፣ በድንጋይ ወይም በግንብ ተከልሎ፣ ለአውቶቡስ ብቻ ሲሰጥ ነው። ሌላ ተሽከርካሪ፣ የባለሥልጣን አውቶሞቢልም ቢሆን፣ አይገባበትም። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አዲሱ አውቶቡስ ከጭነት መኪናውና ከታክሲው ጋር በአንድ ሰልፍ እንዲቆም ከተተወ፣ ለሕዝቡ የተደረገለት ነገር የሚጠብቅበትን ወንበር ማሳመር ብቻ ነው።

እስኪ አንድ አጭር ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ተጣጣፊ አውቶቡስ ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል ሆኖ 160 ያህል ሰው ይይዛል። እነዚህ 160 ሰዎች በየአውቶሞቢሉ ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ 80 አውቶሞቢል ያስፈልጋቸዋል። ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል ከፊቱ ከሚተወው ክፍተት ጋር 7 ሜትር ብንሰጠው ሰልፉ 560 ሜትር ይሆናል። ይህም ቆመው ሳሉ ነው፤ መሄድ ሲጀምሩ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ሰልፉ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። ደግሞም በአብዛኛው አውቶሞቢል ውስጥ የምናየው ሁለት ሰው እንኳ ሳይሆን ሹፌሩን ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ ጠበበ ብለን ስንማረር፣ ያጣበበው የሰዎቹ ቍጥር ይሁን ወይስ የያዙት ቦታ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከመንገዱ ቀጥሎ ሰዓት የሚበላው በሩ ነው። በተለመደው አውቶቡስ አንድ ተሳፋሪ ደረጃውን ወጥቶ፣ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ፣ መልሱን ተቀብሎ እስኪያልፍ ድረስ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። ለአንድ ሰው 3 ሰኮንድ ብቻ ይፈጅበታል ብንል እንኳ፣ 40 ሰዎች በአንድ በር እስኪገቡ 2 ደቂቃ ያልፋል። እንዲህ ያለ ማቆሚያ በመንገዱ ላይ 15 ቢኖር፣ አውቶቡሱ በመቆም ብቻ ግማሽ ሰዓት አጠፋ ማለት ነው። በፈጣኑ አውቶቡስ አሠራር ግን ሒሳቡ የሚከፈለው በጣቢያው መግቢያ ላይ ነው። የጣቢያው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡሱ ሲደርስ ሦስትና አራት በር በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ሕዝቡም ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚሻገር ሰው ረግጦ ይገባል። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ፣ እናት ልጅዋን አዝላ፣ አካል ጉዳተኛውም በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ያለ ደጋፊ ይገባል። ሰዓቱ የሚተርፈው ከሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ከዚህ ነው።

ይህን አሠራር በሙሉ መልኩ አስቀድማ ለዓለም ያሳየችው ከተማ በብራዚል የምትገኘው ኩሪቲባ ናት። ከንቲባዋ ዣይሚ ሌርነር በሙያው አርክቴክት ነበር። የከተማይቱ ገንዘብ የመሬት ውስጥ ባቡር ለመሥራት እንደማይበቃ በተረዳ ጊዜ፣ በጎዳናው መካከል ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ በ1974 እንዲከፈት አደረገ። ረዣዥም ሕንፃዎች በነዚህ መስመሮች ግራና ቀኝ እንዲሠሩ፣ ከመስመሩ ራቅ ባለው ሥፍራ ግን አጫጭር ቤቶች እንዲሆኑ በሕግ ተወሰነ፤ ስለዚህም ከተማይቱ አውቶቡሱን ተከትላ አደገች እንጂ አውቶቡሱ ከተማይቱን ሲያሳድድ አልኖረም። እንደ ቧንቧ ክብ የሆኑት ዝነኞቹ የመስተዋት ጣቢያዎች የመጡት ዘግይቶ በ1991 ነው። የኩሪቲባ ነገር ብዙ ጊዜ የተተረከ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ አልቈይበትም። ለሥራ ሰዎች፣ ይልቁንም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለምታገለግሉ፣ የበለጠ የሚያስተምረው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ የቦጎታ ታሪክ ነውና ወደዚያ እለፍ።

በቦጎታ ከተማ ከ2000 በፊት የነበረውን ነገር ብነግራችሁ ባዕድ አይሆንባችሁም። የአውቶቡሱ ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ የመስመሩ ፈቃድ ያለው ሌላ ድርጅት ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ የሚከፈለው በጫነው ሰው ቍጥር ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት አውቶቡሶች በአንድ መንገድ ላይ በተገናኙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ለመቅደም ይሽቀዳደማሉ፤ ከፊት ተሳፋሪ በታየ ጊዜ ያለ ማቆሚያ በመንገዱ መካከል ቀጥ ይላሉ፤ ተሳፋሪ ባነሰ ጊዜ ደግሞ እስኪሞላ ድረስ አንሄድም ብለው ይቆማሉ። የከተማይቱ ሕዝብ ይህን ሁኔታ «የሳንቲም ጦርነት» ብሎ ሰይሞት ነበር። እኔ ስሙን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ወደ ሜክሲኮና ወደ መርካቶ ሄደ። የእኛም የሚኒባስ ሹፌር ማታ ለባለ ንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ተቈርጦለታል፤ ለነዳጁና ለረዳቱ ከከፈለ በኋላ የተረፈው የራሱ ነው። እንግዲህ ይሽቀዳደማል ብለን የምንወቅሰው ሰው ልጆቹን የሚያበላው በመሽቀዳደሙ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ጠባዩን ለማረም ምክርና ቅጣት ሲሞከር ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሚከፈልበት መንገድ ካልተለወጠ ግን ጠባዩም አይለወጥም።

የቦጎታ ከንቲባ ኤንሪኬ ፔኛሎሳ የሥልጣን ዘመኑ ሊፈጸም ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት፣ በታኅሣሥ ወር 2000፣ «ትራንስሚሌኒዮ» የተባለውን አገልግሎት አስጀመረ። አውቶቡሶቹ የግል ኩባንያዎች እንደ ሆኑ ቀሩ፤ የክፍያው ሥርዓት ግን ከሥሩ ተገለበጠ። ኩባንያው የሚከፈለው ዋናው ሒሳብ አውቶቡሱ በሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ሆነ። ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ገንዘብ በአውቶቡስ ባለቤቶች እጅ አይገባም፤ ሰብሳቢው ሌላ ድርጅት ነው፤ ገንዘቡም በአደራ ሒሳብ ተቀምጦ በውሉ መሠረት ይከፋፈላል። የከተማው ድርጅት ደግሞ መስመሩን ያወጣል፣ ሰዓቱን ይወስናል፣ የጐደለውን ይመዘግባል፣ ባጐደለው ላይ ቅጣት ይጥላል። ሹፌሩም ደመወዝተኛ ሆነ። ከፊቱ የቆመው ተሳፋሪ ከእንግዲህ ወዲህ ለርሱ የሚነጠቅ ሳንቲም አይደለምና ሽቅድምድሙ በተለየው መንገድ ላይ ቀረ።

ሌላም ብልኀት አለ። በዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች ዘንድ መንገዱ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለ ተሠራ፣ በየጣቢያው የሚቆመውን አውቶቡስ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው ፈጣን አውቶቡስ አልፎት ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ካራካስ በተባለው ጎዳና ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ከ35,000 በላይ ሰዎች መጓዝ ችለዋል፤ ይህም ብዙ የመሬት ውስጥ ባቡሮች የማይደርሱበት ቍጥር ነው። ለግንባታው ከዋለው ገንዘብ ከፊሉ የተገኘው ከቤንዚን ላይ ከሚነሣ ተጨማሪ ግብር ነው። ባለ አውቶሞቢሉ ለአውቶቡስ ተሳፋሪው መንገድ ከፈለ ማለት ነው፤ ይህም ያለ ጩኸት እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም።

ይህን ስል ቦጎታ ገነት ሆነች ማለቴ አይደለም። አገልግሎቱ በተወደደ መጠን ሕዝቡ በዛበት፤ መስመሩና አውቶቡሱ ግን በዚያው መጠን አልጨመሩም። በማለዳ አውቶቡሶቹ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚሄድባቸው፣ ኪስ የሚዳበስባቸው፣ ሴቶችም ነውር የሚደርስባቸው ሆኑ። በመጋቢት ወር 2012 የተቈጡ ወጣቶች ጣቢያዎችን ሰብረዋል። በ2020ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከተማይቱ የመጀመሪያውን የሜትሮ ባቡር መስመር መሥራት ጀምራለች። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «እነሆ፣ ፈጣን አውቶቡስ አይሠራም» ይላሉ። ለእኔ ግን የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው፤ በቀን ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጋፋበት ነገር አይሠራም አይባልም። የጐደለው የመጀመሪያው ሪባን ከተቈረጠ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚፈለገው ትጋት ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱ ተሠርቶ ስለ ፈረሰበት ከተማ ልንገራችሁ። የህንድ ዋና ከተማ ዴልሂ በ2008 ከደቡብ ሰፈሮችዋ ወደ መሐል በሚወስደው አንድ ጎዳና ላይ 5.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የአውቶቡስ መንገድ ከፈተች። አሠራሩ ግማሽ ነበር። መንገዱ ተለየ፤ ሒሳብ አስቀድሞ የሚከፈልበት ዝግ ጣቢያ ግን አልተሠራም። የመስቀለኛው መንገድ መብራትም እጅግ የሚያስጠብቅ ነበር። ባለ አውቶሞቢሎች በጠበበው ክፍላቸው ቆመው፣ አጠገባቸው ያለው የአውቶቡስ መንገድ ባዶ መስሎ በታያቸው ጊዜ ተቈጡ። ባዶ መስሎ መታየቱ ግን የዓይን ስሕተት ነው። በየሁለት ደቂቃው አንድ ሙሉ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ በመካከሉ ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል፤ ሆኖም በሰዓት የሚያሳልፈው ሰው አጠገቡ ተሞልቶ ከቆመው መንገድ ይበልጣል። ጋዜጦች ጻፉ፤ ወደ መንገዱ ዘለው የሚገቡ መኪናዎች በዙ፤ ነገሩም ከፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሾቹ መንገዱ ለተሽከርካሪ ሁሉ ክፍት እንዲሆን ጠየቁ።

የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት ወር 2012 ክሱን ውድቅ አደረገው። የአውቶቡስ ተሳፋሪውም ወገን በሕግ ፊት ረታ። ነገር ግን በፍርድ የረታው ወገን በአስተዳደር ተረታ፤ በ2015 የከተማው መንግሥት መንገዱ እንዲፈርስ ወሰነ፣ በ2016 መጀመሪያም ማፍረሱ ተጀመረ። ክቡራን አድማጮች፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ያስደነቀኝ አንድ ነገር አለ። በየአውቶሞቢሉ የነበሩት ሰዎች ጋዜጣ ላይ ጻፉ፣ ጠበቃ ቀጠሩ፣ ለምክር ቤት አባሎቻቸው ስልክ ደወሉ። በየአውቶቡሱ የነበሩት፣ ከነርሱ ይልቅ የበዙት፣ በዚያ ሰዓት በአውቶቡስ ውስጥ ቆመው ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ መንገድዋ ሲወሰድባት ለማን ትጻፍ? የርሷን ሒሳብ የሚይዝላት በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥናት ብቻ ነው፤ ጥናቱ መኪና ብቻ የሚቈጥር ከሆነ ደግሞ እርስዋ ከነጭራሹ አልተቈጠረችም።

ወደ አህጉራችን እንመለስ። ሌጎስ በ2008 22 ኪሎ ሜትር የሚያህል መስመር በአነስተኛ ወጪ ከፍታለች። ጆሃንስበርግ በ2009 «ሬያ ቫያ» የተባለውን አስጀመረች፤ ትርጓሜውም «እየሄድን ነው» ማለት ነው። በዚያ ከተማ የሚኒባስ ባለቤቶች ብርቱ ተቃውሞ አነሡ። ረዥም ድርድር ከተደረገ በኋላ ግን አውቶቡሱን በሚያካሂደው ኩባንያ ውስጥ ባለ አክሲዮን ሆነው ገቡ። ይህ ድርድር አሰልቺና ዓመታት የሚፈጅ ቢሆንም፣ ሚኒባሱን በደብዳቤ ከመንገድ አስወጣለሁ ከሚለው አሳብ እጅግ ይሻላል።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የዳሬሰላም ነው። በዚያች ከተማ «ዳላ ዳላ» የሚባሉት ሚኒባሶች እንደ እኛዎቹ ታክሲዎች ሕዝቡን ሲያመላልሱ ኖረዋል። በግንቦት ወር 2016 ከኪማራ እስከ ወደቡ ዳር እስከ ኪቩኮኒ፣ በቅርንጫፍም ወደ ካሪያኮ ገበያና ወደ ሞሮኮ የሚሄድ፣ ጠቅላላው 21 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ መስመር ሥራ ጀመረ። ለግንባታው ብድር የሰጠው የዓለም ባንክ ነው። ሕዝቡ አውቶቡሱን «ምዌንዶካሲ» ብሎ ጠራው፤ ፈጣን ጉዞ ማለት ነው። ከኪማራ ወደ መሐል ከተማ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበት የነበረ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መግባት ጀመረ። በጠዋትና በማታ የተረፈለትን ጊዜ ደምሩት፤ ከልጆቹ ጋር እራት የሚበላ አባት አተረፈ ማለት ነው። በ2018 ከተማይቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዘላቂ መጓጓዣ ላስገኙ ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለች።

የሽልማቱ ወሬ ሳይበርድ ግን ችግሩ ተከተለ፤ ችግሩም የመጣው ከመሐንዲሶች ጥበብ ማነስ ይልቅ ከጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። አገልግሎቱ የጀመረው በ140 አውቶቡሶች ሲሆን ለሕዝቡ አልበቃም። ተጨማሪ 70 አውቶቡሶች በ2018 ታዝዘው ቢመጡም፣ በቀረጥ ክርክር ምክንያት በዳሬሰላም ወደብ ላይ ለረዥም ጊዜ ቆሙ። እስቲ አስቡት፤ አውቶቡሱ ከባሕር ማዶ ያን ሁሉ ውኃ ተሻግሮ መጥቶ፣ ከተሰለፈው ሕዝብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ፀሐይና የባሕር ጨው ሲበላው ይውላል። በአንዱ መሥሪያ ቤትና በሌላው መካከል ደብዳቤ ይመላለሳል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሕግ ጠቅሰው ይሆናል፤ በጣቢያው የቆመችው ነርስ ግን በየትኛው አንቀጽ እንደ ዘገየች አታውቅም።

ከዚህ የባሰው የአውቶቡሶቹ ማደሪያ ነገር ነው። ማደሪያው የተሠራው ጃንግዋኒ በተባለ ሥፍራ፣ በምሲምባዚ ወንዝ ሸለቆ፣ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ በበረታ ቍጥር ውኃው ወደ ግቢው ይገባል፤ አውቶቡሶች ተበላሽተዋል፤ በዚያ የሚያልፈው መንገድም ውኃ ሲሸፍነው አገልግሎቱ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ወንዙ ከከተማይቱ በፊት በዚያ ነበረ። የሰፈሩ ሽማግሎች ቢጠየቁ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ በጣታቸው ባሳዩ ነበር። ማደሪያውን ከዚያ ማንሣት በ2022 የዓለም ባንክ ባጸደቀው የሸለቆው ማሻሻያ ሥራ ውስጥ እንደ ገና ሌላ ብድር የሚጠይቅ ጉዳይ ሆነ።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። አዲስ አበባ የአንበሳን አውቶቡስ ካወቀችበት ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አውቶቡስ ለከተማይቱ እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቀላል ባቡር ሐዲድ ሥራ ጀመረ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ተጠቀመበት። ይሁን እንጂ ለዚሁ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት እንደ ቆሙ በየጊዜው ተነግሮናል። ለፈጣን አውቶቡስም ከዊንጌት እስከ ጀሞ የሚዘልቅ መስመር ለዓመታት ሲጠናና ሲታቀድ ቈይቷል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን እናንተ በምትሠሩባቸው ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ስላለ ጉዳይ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «እኔ በመታወቂያዬ የምሳፈርበት የመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ አለኝ፤ ይህ ጉዳይ አይመለከተኝም» የሚል ይኖር ይሆናል። ያ አውቶቡስ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን እርሱም ቢሆን በዚያው በተጨናነቀው ጎዳና ላይ ከሌላው ጋር ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ከዚያም በላይ፣ እናንተ በሰዓቱ ብትደርሱ ባለ ጉዳዩ ካልደረሰ፣ ሻይ የምታፈላው ካልደረሰች፣ የልጃችሁ መምህር በታክሲ ሰልፍ ላይ ካለ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ሰዓት የተከበረው በግድግዳው ላይ ብቻ ነው።

አንዳንድ ነገሮች ለአዲስ አበባ በተለይ ይታሰቡ እላለሁ። የመጀመሪያው የእግረኛው መሻገሪያ ነው። የአውቶቡሱ ጣቢያ በጎዳናው መካከል ስለሚሆን፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲመጣም ሲሄድም መኪና የሚበርበትን መንገድ መሻገር አለበት። ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍባቸው ሰፈሮች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሻገር ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚዞር አይተናል። ከፍ ያለ ድልድይ ሠርቶ አሮጊቲቱን ሁለት ፎቅ ማስወጣት መፍትሔ አይባልም፤ መብራት ያለው፣ በምድር ላይ የሚያልፍ፣ ሰፊ መሻገሪያ ይሻላል። ሁለተኛው ዳገታችን ነው። ከተማችን ተራራ ላይ የተቀመጠች ናትና ጭነቱ ሙሉ የሆነ ረዥም አውቶቡስ ዳገት ሲወጣና በዝናብ ቍልቍለት ሲወርድ የሚሆነውን፣ ለሜዳማ ከተማ የተሠራውን መኪና በካታሎግ ከመምረጥ በፊት መሞከር ያስፈልጋል። የመለዋወጫው ጉዳይ ደግሞ፣ የውጭ ምንዛሪውን ጨምሮ፣ ከግዥው ውል ጋር አብሮ መታሰር አለበት እንጂ አውቶቡሱ ከቆመ በኋላ በደብዳቤ የሚለመን ሊሆን አይገባም።

ሚኒባሶቹንም በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ፈጣኑ አውቶቡስ በዋናው መስመር ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከየመንደሩ ውስጥ ሕዝቡን ወደ መስመሩ የሚያደርስ ሌላ ተሽከርካሪ የግድ ያስፈልጋል። ያን ሥራ ከሰማያዊና ነጩ ታክሲ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ባለ ንብረቶቹና ሹፌሮቹ መስመሩ ከመከፈቱ በፊት ተጠርተው፣ የሚሠሩበት ሰፈርና የሚከፈሉበት ሥርዓት በውል ተጽፎ ቢሰጣቸው፣ በመክፈቻው ዕለት ከመንገዱ ዳር ቆመው የሚያጕረመርሙ ጠላቶች አይሆኑም።

የቀረው የመንገዱ ጥበቃ ነው። የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በተለየው መንገድ እንዲያልፉ በብዙ ከተሞች ይፈቀዳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ከነዚህ በቀር ሌላ እንዳይገባ ደንብ ማውጣት ቀላል ሲሆን ማስከበሩ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይፈተናል። የሚፈትነውም ታክሲ ላይሆን ይችላል። ስብሰባ የረፈደበት ኃላፊ የተቀመጠበት የመንግሥት መኪና ይሆናል። ፖሊሱ ሊያስቆመው እጁን ያነሣል፤ ከመኪናው ውስጥ ስልክ ይደወላል፤ ከወዲያ «ልቀቀው» የሚል ድምፅ ይመጣል። በማግሥቱ ሦስት፣ በሳምንቱ ሠላሳ መኪና ይገባል፤ አውቶቡሱም ከኋላቸው ይቆማል። ስለዚህ የቅጣቱ ደንብ ከአውቶቡሱ ግዥ አስቀድሞ እንዲወጣ፣ ቅጣቱም በስልክ በማይሻር ካሜራ እንዲመዘገብ፣ በደንቡም ውስጥ ሰሌዳቸው ኮድ 4 የሆኑ መኪናዎች እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ እንደሚቀጡ በግልጽ ቃል እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ረቂቁን የሚያዘጋጁት ከእናንተ መካከል ናቸው።